«ደመሰሰ»ን እና ሌሎች የጥፋት ግሦችን በቦታቸው የመጠቀም መመሪያ

በአማርኛ «ደመሰሰ» የሚያህል ክብደት የተሸከሙ ግሦች ጥቂት ናቸው። አንድ ነገር ከመኖር ወደ አለመኖር መሻገሩን፣ ምልክቱ እንኳ እንደማይገኝ በአንድ ቃል ይናገራል። ዛሬ ግን ጣሪያው የተገነጠለ ትምህርት ቤት «ወደመ»፣ ያፈገፈገ ጦር «ተደመሰሰ»፣ በበረዶ የተመታ ማሳ «ድምጥማጡ ጠፋ» ሲባል መስማት የተለመደ ሆኗል። ይህ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መመሪያ ባላስፈለገው ነበር። የጉዳት መግለጫ አንብቦ እህልና ድንኳን የሚልክ ኃላፊ፣ ካሳ የሚተምን ባለሙያ፣ ዘመዱ ያለበትን ከተማ ስም በዜና የሚሰማ ስደተኛ ሁሉም የሚወስኑትና የሚሰማቸው በዚያች አንዲት ግሥ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለዘጋቢዎች፣ ለሪፖርት ጸሐፊዎች፣ ለተርጓሚዎችና የታሪክ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ሁሉ የተሰናዳ ነው። መነሻ ሐሳቡም አንድ ነው፤ ግሡ የሚመረጠው በጸሐፊው የስሜት ግለት መጠን ሳይሆን ከጥፋቱ በኋላ በተረፈው ነገር መጠን ነው።

1. የግሡን መነሻ ትርጉም ይያዙ

«ደመሰሰ» ከግእዙ «ደምሰሰ» የመጣ ሲሆን ጥንተ ነገሩ ከጦር ሜዳ ይልቅ ለጽሕፈት ይቀርባል። በመዝሙረ ዳዊት፣ በግእዙ ቁጥር 50ኛው በሆነው የንስሐ መዝሙር ውስጥ ጸላዩ አምላኩን የሚለምነው መተላለፉን እንዲደመስስለት ነው፤ በኦሪት ዘጸአትም ሙሴ ሕዝቡ ይቅር የማይባል ከሆነ የእርሱ ስም ከመጽሐፍ እንዲደመሰስ ይጠይቃል። በሁለቱም ቦታ የሚደመሰሰው የተመዘገበ ነገር ነው። ከጥፋቱ በኋላ የሚቀረው ስብርባሪ ወይም ፍርስራሽ አይደለም፤ መዝገቡ ያ ነገር ቀድሞ እንዳልነበረ ሆኖ ይገኛል። ግሡ ወደ ጦር ቋንቋ ሲሻገርም ይዞት የሄደው ይህንኑ ፍሬ ነገር ነው፤ ተደመሰሰ የተባለ ጦር ከመዝገብ የተፋቀ፣ እንደ ጦር ሊቆጠር የማይችል ጦር ማለት ነው።

በጽሕፈት ዙሪያ ያሉትን ጎረቤት ግሦች አብሮ ማየት የዚህን ቃል ልክ ያሳያል። «ሰረዘ» መስመር አሳለፈበት ማለት በመሆኑ የተሰረዘው ነገር ብዙ ጊዜ ይነበባል። «ደለዘ» ጽሑፉን በቀለም ወይም በጭረት አበላሸው ማለት ነው፤ ውልና የሒሳብ ሰነድ «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» እንዲሆን የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። «ፋቀ» ቀለሙን ከብራናው ላይ በስለት መላጨትን የሚናገር የእጅ ሥራ ግሥ ነው። «ደመሰሰ» ግን የሚናገረው ስለ መሣሪያውም ሆነ ስለ እጁ እንቅስቃሴ ሳይሆን ስለ ውጤቱ ነው፤ ጽሑፉ ከዚህ በኋላ ሊነበብ አይችልም።

«አወደመ» የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። የወደመ ቤት ቤት መሆኑ ቀርቷል፤ ግድግዳው፣ ድንጋዩ፣ የተቃጠለው ምሰሶ ግን በቦታው ሊታይ ይችላል። ግሡ የሚያተኩረው በዋጋና በአገልግሎት መጥፋት ላይ ስለሆነ ለንብረት፣ ለመሠረተ ልማትና ለሰብል ተስማሚ ነው። «አጠፋ» ደግሞ ከሁሉ ሰፊው ሲሆን ስፋቱ ራሱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። «አጠፋ» መብራት ማጥፋት ነው፤ መበደልም ነው፤ ገንዘብ ማባከንም ነው። «ወታደሮቹ አጥፍተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተሳቢው ካልተገለጸ በስተቀር አንባቢው መንደር ስለማጥፋት ይሁን ደንብ ስለመተላለፍ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ይህን ግሥ በጥፋት ትርጉሙ ሲጠቀሙ ምን እንደጠፋ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይጥቀሱ።

2. ጥፋቱ የደረሰበትን ነገር ለይተው ግሡን ከእርሱ ጋር ያዛምዱ

አማርኛ ለእያንዳንዱ የጥፋት ዓይነት የየራሱን ግሥ አዘጋጅቷል፤ ችግሩ ጸሐፊዎች ይህን ሀብት ትተው ሁለት ወይም ሦስት ቃላትን ብቻ ማመላለሳቸው ነው።

ሕንጻና ቤትን በተመለከተ «ፈረሰ» ክፍል በክፍል መለያየትን፣ ብዙ ጊዜም በሰው ውሳኔ የሚሆነውን ይናገራል፤ ለመንገድ ሥራ የተነሳ ቤት ፈረሰ እንጂ ወደመ አይባልም። «ተደረመሰ» ከውስጥ ወይም ከሥር መደገፊያውን አጥቶ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ለገባ ጣሪያ፣ ድልድይ ወይም የማዕድን ጉድጓድ ነው። «ተናደ» የአፈር፣ የካብና የክምር ግሥ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የሆነው የቆሻሻ ክምሩ መናድ ነበር፤ በሥሩ የነበሩት ቤቶች ተቀበሩ፤ ሰዎችም ሞቱ። እነዚህ ሦስት ግሦች፣ ናደ፣ ቀበረ፣ ሞተ፣ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ያስረዳሉ። ሦስቱን በ«አወደመ» መተካት ግን የአደጋውን መንገድ ይሰውራል፤ መንገዱ ካልታወቀ ደግሞ ኃላፊነቱም አይታወቅም። ለእሳት «ተቃጠለ» የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ «ጋየ» ደግሞ በሰፊ ቦታ ላይ ነድዶ ላለቀ ቤት፣ መንደር ወይም ጫካ ይውላል።

ሰብል ሲሆን ጉዳት አድራሹ ይቀድማል። አንበጣ ይበላል ወይም ይፈጃል፤ ዋግ ይመታል፤ በረዶም እንዲሁ ይመታል፤ ጎርፍ ጠርጎ ይወስዳል ወይም በደለል ይሸፍናል። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቅና በሰሜን ኢትዮጵያ ማሳዎች ላይ ባረፈ ጊዜ ገበሬው «በላው»፣ «ጨረሰው» ነበር የሚለው፤ ይህ አነጋገር ለጽሑፍም ቢሆን ከ«አወደመው» የበለጠ ትክክል ነበር። «አወደመ» የሚመጣው ከማሳው የሚሰበሰብ ነገር እንዳልቀረ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ለከብት የሚስማማው ግሥ «አለቀ» ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በዘለቀው ክፉ ቀን የደስታ በሽታ የሀገሪቱን ከብት ፈጅቶ አራሹን ያለ በሬ አስቀርቶታል፤ ከከብቱ ወደ 90 በመቶ የሚሆነው እንዳለቀ ብዙ ጊዜ ይገመታል። የዘመኑን ነገር ሲጽፉ «ከብቱ አለቀ»፣ «በሽታው ከብቱን ፈጀው» ይበሉ። «ከብቱ ወደመ» የሚለው አጻጻፍ እንስሳውን ዕቃ ከማድረጉም በላይ ለአማርኛ ጆሮ ይቆረቁራል።

ለሰው ሕይወት ቋንቋው አጥር ሠርቷል፤ ይህ አጥር ሊከበር ይገባል። በአደጋ ዜና የተለመደው «የሰው ሕይወት ሲጠፋ ንብረትም ወድሟል» የሚለው አነጋገር ስለተደጋገመ ብቻ የሚናቅ አይደለም፤ ሁለቱን ግሦች የለየበት ጥበብ ትክክል ነው። በዚህ ፈንታ አንዳንድ ጊዜ የሚጻፈው «በሰውና በንብረት ላይ ከፍተኛ ውድመት ደረሰ» የሚለው ግን ሟቹን ከቆርቆሮውና ከከረጢቱ ጋር አንድ ላይ ይደምረዋል። ይህን አነጋገር ባዩበት ሁሉ ይለያዩት፤ የሞቱት ሰዎች የራሳቸው ዓረፍተ ነገር ይኑራቸው።

3. ምን እንደተረፈ ይጠይቁ

ግሡን ከመጻፍዎ በፊት የቆመ ነገር እንዳለ፣ ያለውም ሊጠገን ይችል እንደሆነ፣ ይህንንም በዓይኑ ያየ ሰው ማን እንደሆነ ይወቁ። መልሱ ግሡን ይወስነዋል። ሊጠገን የሚችል ነገር «ተጎዳ» ወይም «ተበላሸ» ነው። ሊጠገን የማይችል፣ ነገር ግን ፍርስራሹ የሚታይ ነገር «ወደመ» ሊባል ይችላል። «ተደመሰሰ» የሚጻፈው የነበረበትን ቦታ ወይም መልክ ለይቶ ማሳየት እንኳ በማይቻልበት ጊዜ ነው።

የጎንደርን ታሪክ ለምሳሌ እንውሰድ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች (የማህዲ ተከታዮች) ከተማዋን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ አብያተ ክርስቲያናቷ በአብዛኛው ነድደዋል፤ ብዙ ሰው ተገድሏል፣ ብዙውም ተማርኮ ተወስዷል። አደጋው ከባድ ስለነበረ ጸሐፊ «ጎንደር ተደመሰሰች» ለማለት ይፈተናል። ሆኖም የፋሲል ግንብ ዛሬም ቆሟል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ከቃጠሎው ተርፎ የጣሪያው መላእክት እስከ ዛሬ ይታያሉ። ስለዚህ ትክክለኛው አጻጻፍ «ከተማዋ ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም በአብዛኛው ተቃጠሉ» የሚለው ነው። በዚህ አጻጻፍ የተረፉትም ቦታ ያገኛሉ፤ በ«ተደመሰሰች» ውስጥ ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚቆምበት ስፍራ የለም።

በጦርነት ታሪክም ያው ፈተና አለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፈው የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ከ17,000 በላይ እንደነበር ይነገራል። ከብርጌድ አዛዦቹ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ፤ ሺህዎች ወደቁ፤ ሺህዎችም እጃቸውን ሰጡ፤ ባራቲየሪ ራሱ ከቀሩት ጋር ወደ ኤርትራ ሸሸ። ለጦሩ በጠቅላላው «ድል ተመታ» የሚለው ግሥ ሙሉና ክቡር ነው፤ ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ ክፍል፣ አዛዡንም መድፉንም ሰልፉንም ላጣ፣ «ተደመሰሰ» ማለት ያስኬዳል። ምርኮኛ ያለበትን ድል በጅምላ «ድምሰሳ» ብሎ መጥራት ግን ለአሸናፊው ክብር የሚጨምርለት ነገር የለም፤ እንዲያውም እጁን የሰጠውን ጠላት ማርኮ ማኖሩን ይሸፍንበታል።

ከዚሁ ጋር ስለ ተውሳከ ግሡ አንድ ነገር መባል አለበት። «ሙሉ በሙሉ ተደመሰሰ» ድግግሞሽ ነው፤ ሙሉነቱ በግሡ ውስጥ አለ። «በከፊል ተደመሰሰ» ደግሞ ራሱን ይቃረናል። ሆኖም «የጽሑፉ ከፊል ተደመሰሰ» ትክክል ነው፤ ያ ክፍል በሙሉ ጠፍቷል፤ ሌላው አልተነካም። «ወደመ» ግን ደረጃን ስለሚቀበል «ሙሉ በሙሉ ወደመ»፣ «በከፊል ወደመ» ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም በጉዳት መግለጫ ውስጥ ይህን መለየት ግዴታ ሊሆን ይገባል። «ውድመት አደረሰ» ከ«አወደመ» የላላ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ጎርፍ በድልድዩ ላይ ውድመት አደረሰ ማለት ድልድዩ የለም ማለት አይደለም፤ ድልድዩን አወደመው ማለት ግን መኪና አያልፍም ማለት ነው።

4. አድራጊውን ይወስኑ፣ እርባታውንም ያስተካክሉ

«ወደመ» በራሱ የሚቆም፣ አድራጊ የማይጠይቅ ግሥ ነው፤ «በጎርፍ ወደመ»፣ «በእሳት ወደመ» ይባላል። «ተደመሰሰ» እና «ተጨፈጨፈ» ግን ከጀርባቸው ደምሳሽና ጨፍጫፊ እንዳለ ይናገራሉ። ከዚህ የሚከተል አሠራር አለ። የጥፋቱ መነሻ ገና እየተጣራ ከሆነ «ወደመ» ይበሉ፤ አድራጊውን ሳያውቁ የሚያሳብቅ ግሥ አይጠቀሙ። አድራጊው ከታወቀና ከተረጋገጠ ደግሞ በ«ወደመ» መሸሸግ ተገቢ አይሆንም። «ጤና ጣቢያው ወደመ» ብሎ ዝም ማለት፣ ማን እንዳፈረሰው በታወቀበት ሁኔታ፣ ጥፋቱን የማንም ያልሆነ የተፈጥሮ አደጋ ያስመስለዋል። «በታጣቂዎች ወደመ» የሚለውም ለአማርኛ አይመችም፤ «ታጣቂዎች አወደሙት» በማለት አድራጊውን በባለቤትነት ያስቀምጡ።

በእርባታ ረገድ «ደመሰሰ» ባለ አራት ፊደል ግሥ ነው፤ ደመሰሰ፣ ይደመስሳል፣ ደምስሶ፣ ደምስሷል፣ መደምሰስ፣ ደምሳሽ እያለ ይረባል። በፍጥነት የሚጽፉ ሰዎች ከሁለቱ «ሰ» አንዱን ጥለው «ይደመሳል» ብለው ሲጽፉ ይታያል፤ ስሕተት ነው። ከዚህ የከፋው ግን «ይደመስሳል» እና «ይደመሰሳል» መምታታታቸው ነው። በመካከል ያለው ፊደል ሳድስ («ስ») ሲሆን ጦሩ ሌላውን ያጠፋል፤ ግእዝ («ሰ») ሲሆን ጦሩ ራሱ ይጠፋል። አንዲት ፊደል አጥፊና ጠፊን ስለምታለዋውጥ ይህን ቃል ባገኙበት ሁሉ ቆም ብለው ያንብቡት። ድርጊቱን በስም ሲጠሩ «ድምሰሳ» ለዘመቻ፣ «ድምሳሴ» ለመጽሐፋዊ አነጋገር ይስማማሉ፤ በአብዛኛው ጽሑፍ ግን «መደምሰስ» ይበቃል። «ደመሳሰሰ» እዚህም እዚያም፣ ያለ ሥርዓት ማጥፋትን ስለሚናገር ከሙሉ ጥፋት ያነሰ መሆኑን ያስታውሱ። «አወደመ» ያወድማል፣ አውድሞ፣ አውድሟል፣ ማውደም፣ አውዳሚ እያለ ይሄዳል፤ ስሙ «ውድመት» ነው።

5. ግሡ በሰው ላይ ሲያርፍ እጥፍ ድርብ ይጠንቀቁ

የሰው ልጅ በብዛት ያለቀበትን ነገር ለመናገር አማርኛ የተለያዩ ግሦች አሉት። «አለቀ» ለረሀብና ለወረርሽኝ፣ «ረገፈ» ለድንገተኛና ለተከታታይ ሞት፣ «ተፈጀ» በጦርነት ወይም በበሽታ ለሚሆን ብዙ ሞት ይውላል። «ተጨፈጨፈ» መከላከያ የሌላቸው ሰዎች ያለ ርኅራኄ መገደላቸውን ይናገራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀናት ያደረሱት ነገር ስሙ ጭፍጨፋ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ሕዝቡም በዚህ ስም ጠብቀውታል። ይህ ግሥ የገዳዩን ጭካኔና የሟቹን ባዶ እጅ በአንድነት ይይዛል፤ «ደመሰሰ» ግን የሟቹን ንጽሕና አይናገርም። እንዲያውም ከጦር ቋንቋ ስለመጣ ሟቹን ተሰላፊ ያስመስለዋል። ሰላማዊ ሰው ተደመሰሰ ብሎ መጻፍ በሁለተኛ ጊዜ እንደመበደል ነው።

«ዘር ማጥፋት» የሕግ ስያሜ በመሆኑ የራሱ ደንብ አለው። ቃሉን በእንግሊዝኛ የፈጠረው ራፋኤል ሌምኪን በ1944 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወንጀሉን የሚከለክለውን ስምምነት በታኅሣሥ 1948 አጽድቋል። ኢትዮጵያ በሐምሌ 1949 (እ.ኤ.አ.) ስምምነቱን ያጸደቀች የመጀመሪያዋ ሀገር ናት። በስምምነቱ ውስጥ ለጸሐፊ ትልቅ ትርጉም ያለው አንድ ሐረግ አለ፤ ወንጀሉ የሚፈጸመው አንድን ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት በማሰብ ነው። ስለዚህ ወንጀሉ መፈጸሙን የሚወስነው የሟቾች ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሐሳብ የተያዘው ዓላማ ነው፤ ቡድኑ ስላልጠፋ ወንጀሉ አልተፈጸመም ማለት አይቻልም፤ ብዙ ሰው ስለሞተ ብቻም ተፈጽሟል ማለት አይቻልም።

የኢትዮጵያ ሕግ በአንድ ነጥብ ከስምምነቱ ይሰፋል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 269 የፖለቲካ ቡድንን ጭምር ከሚጠበቁት ቡድኖች መካከል አስገብተዋል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት በ1999 ዓ.ም. በዚህ ወንጀል ጥፋተኛ የተባሉት በዋናነት የፖለቲካ ተቃዋሚዎችን በማጥፋታቸው ነበር። «ዘር» የሚለው አማርኛ ግን ለአንባቢው የብሔርን ወይም የትውልድን ነገር ብቻ ስለሚያስታውሰው፣ ስለዚያ ፍርድ ሲጽፉ የፖለቲካ ቡድን በሕጉ የተካተተ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። እንዲህ ካልተደረገ አንባቢው ፍርዱን ባልሆነ መልክ ይረዳዋል፤ ይህን ዜና ለውጭ አንባቢ የሚተረጉም ሰውም ያንኑ ስሕተት ይዞ ይሄዳል።

ፍርድ ወይም ሥልጣን ያለው አካል ምርመራ በሌለበት ሁኔታ ክስን ሲዘግቡ ከሳሹን ይጥቀሱ፤ በራስዎ ድምፅ ግን የተረጋገጠውን ድርጊት ይጻፉ፤ ማን ተገደለ፣ የት፣ እንዴት። ይህን ማለት ቃሉን መፍራት አይደለም። ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ ስያሜውን መሸሽ የዚያኑ ያህል ስሕተት ነው።

በዚህ ክፍል ቸል ሊባል የማይገባው ሌላ ነገር አለ። የጥፋት ግሥ ገና ያልተፈጸመን ነገር ሊጠራ ይችላል። በሩዋንዳ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ከተፈጸመው እልቂት በፊትና በእልቂቱ ወቅት በሬዲዮ ቱትሲዎች በረሮ ተብለው ተጠርተዋል፤ ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ ፍርድ ቤትም በ2003 (እ.ኤ.አ.) የመገናኛ ብዙኃን ሰዎችን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏል። በእኛም ቋንቋ «ማጽዳት»፣ «መጠራረግ»፣ «መንቀል»፣ «መደምሰስ» የሚሉት ግሦች ተሳቢያቸው ሕዝብ ሲሆን የሚናገሩት ስለ ቆሻሻና ስለ አረም ነው። ስለዚህ የማይሸራረፍ ደንብ ያድርጉት፤ «ደመሰሰ» የተባለው ግሥ ተሳቢው የአንድ ብሔር፣ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ አካባቢ ሕዝብ ሆኖ በራስዎ ድምፅ አይጻፍ። ተናጋሪ ሲለው መዘገብ ካለበት በትእምርተ ጥቅስ ተከቦ፣ ከተናጋሪው ስምና ከተነገረበት ቦታ ጋር ይጻፍ እንጂ በርእስ ላይ አይውጣ።

6. በሕክምናና በኮምፒውተር ጽሑፍ

በሽታን በተመለከተ «መቆጣጠር»፣ «ማስወገድ» እና «ማጥፋት» ሦስት ደረጃዎች ናቸው። መቆጣጠር ጉዳቱን መቀነስ ነው፤ ማስወገድ በአንድ አካባቢ ሥርጭቱን ማቆም ነው፤ ማጥፋት በዓለም ሁሉ እንዳይኖር ማድረግ ነው። በዚህ በመጨረሻው ትርጉም የጠፉት በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1980 መጥፋቱ የታወጀው ፈንጣጣና በ2011 የታወጀው የከብቶች ደስታ በሽታ። የመጨረሻው በተፈጥሮ መንገድ የተያዘ የፈንጣጣ ሕመምተኛ በ1977 (እ.ኤ.አ.) በሶማሊያ መርካ ተገኝቷል። እዚህ ላይም የግሡን ልክ የሚያሳይ ነገር አለ፤ በሽታው ጠፍቷል፣ ቫይረሱ ግን በአሜሪካና በሩሲያ በሚገኙ ሁለት ቤተ ሙከራዎች ተቀምጦ ስላለ አልተደመሰሰም።

በኮምፒውተር ላይም ተመሳሳይ ልዩነት መጠበቅ ይጠቅማል። አንድን ፋይል በተለመደው ትእዛዝ ስናጠፋ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ፋይሉ የት እንዳለ የሚያመለክተው መዝገብ ነው፤ መረጃው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በዲስኩ ላይ ሊቆይና በባለሙያ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ሰረዘ» ወይም «አጠፋ»፣ መልሶ ሊገኝ በማይችልበት ሁኔታ ለሚሆነው ደግሞ «ደመሰሰ» ቢባል ቃሉ ወደ ጥንተ ትርጉሙ ይመለሳል። አሮጌ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ለሚሸጥ ሰው ይህ ልዩነት ምስጢሩን የመጠበቅና ያለመጠበቅ ጉዳይ ነው።

7. ፈሊጦችን ለቦታቸው ይተዉ

የንግግር አማርኛ በዚህ ረገድ እጅግ የበለጸገ ነው። «ድምጥማጡ ጠፋ»፣ «እንዳልነበር ሆነ»፣ «ዶግ አመድ አደረገው»፣ «እንክትክቱ ወጣ»፣ «ብትንትኑ ወጣ»፣ «ከምድረ ገጽ ጠፋ» ይባላል። እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ አለው። «ድምጥማጥ» ከ«ጠፋ» እና ከ«አጠፋ» ውጭ ሌላ ግሥ አይከተለውም። «እንክትክት» ለሚሰበር ነገር፣ ለብርጭቆና ለሸክላ ነው፤ «ብትንትን» ተሰብስቦ ለነበረ ነገር፣ ለማኅበርና ለቤተሰብ ጭምር ይሆናል። «ባድማ ሆነ» እና «ወና ሆነ» ሰው የለቀቀውን ስፍራ ሲናገሩ ግድግዳው መቆሙን አይክዱም፤ ነዋሪው ስለሸሸ መንደር ሲጽፉ ከ«ወደመ» ይልቅ እነዚህ እውነቱን ይይዛሉ። በመደበኛ ዘገባ ውስጥ ፈሊጦቹ ከተናጋሪ አፍ ሲወጡ በጥቅስ ይቆዩ። ቤቷን ያጣች እናት «እንዳልነበር ሆነ» ካለች ቃሏን ወደ «ወድሟል» አይለውጡባት፤ ከእርሷ የተሻለ አይናገሩትም።

8. ጽሑፉን መልሰው ያርሙ

ለልምምድ የሚሆን የታሰበ ምሳሌ እነሆ። «ትናንት ሌሊት በገበያው የተነሳው አሰቃቂ እሳት በርካታ ሱቆችን ሙሉ በሙሉ ደመሰሰ፤ በሰውና በንብረት ላይም ከፍተኛ ውድመት አድርሶ የነጋዴዎችን ሀብት ድምጥማጡን አጥፍቷል።»

በመጀመሪያ የጥፋት ግሦቹን በሙሉ ያስምሩባቸው፤ እዚህ ሦስት ናቸው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ተሳቢውን ይፈልጉ። ሱቅ ይቃጠላል፤ ሰው ይሞታል፤ ሀብት ይወድማል። ከዚያ ምን እንደተረፈ በአካባቢው ካለ ሰው ይጠይቁና «በርካታ» የሚለውን በቁጥር ይተኩ። «አሰቃቂ» የሚለውን ቅጽል ያውጡት፤ ግሦቹ ከተስተካከሉ አያስፈልግም። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ትናንት ሌሊት በገበያው የተነሳ እሳት 14 ሱቆችን ከነዕቃቸው አቃጥሏል፤ የሌሎች 9 ሱቆች ጣሪያና በር ተጎድቷል። በአደጋው ሁለት ሰዎች ሞተዋል። የወደመው ንብረት ግምት ገና አልታወቀም፤ የእሳቱ መነሻም እየተጣራ ነው።»

ሁለተኛው ጽሑፍ አንባቢው የሚፈልገውን ሁሉ ይዟል። ዘጠኙ ሱቆች ሊጠገኑ እንደሚችሉ የሚያውቀው ባለሱቅም ሆነ አበዳሪው ከዚህ ጽሑፍ ተነስቶ መወሰን ይችላል፤ ከመጀመሪያው ግን አይችልም። በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ቁጥሩ ሲለወጥ ግሡንም አብረው ይመርምሩ፤ ተጎዳ የተባለው ሱቅ ሊጠገን አይችልም ተብሎ ከተወሰነ «ወደመ» የሚለውን ያን ጊዜ ይጻፉ፤ ወደመ ያሉት ነገር በከፊል ተርፎ ከተገኘም ማስተካከያውን ከቀኑ ጋር በዚያው ጽሑፍ አናት ላይ ያስፍሩ።